ታዲዮስ ያልነካው ከፋይ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እታለም የብርጓል፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፋብሪካ ቆመሽ እየዋልሽ ያበጠው እግርሽ ሻል አለው ወይ? የሐዋሳንስ ሙቀት ለመድሽው? እናትና አባታችን በጤና አሉ፤ ኀዘኑ ግን እንዳለ ነው። እኔ ደኅና አይደለሁም። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ።

ለቅሶ ደርሰሽ ስትመለሺ መናኸሪያው ላይ፣ ታዲዮስ ከመሞቱ በፊት ያማረው ነገር ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምንም አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ።

ታናሻችን ታዲዮስ ዐይኑ ስለማያይ ሁሉን በጣቱ እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መዳበሱ ብሶበት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚዳብሰው ነገር ካላመጣሁለት አያስገባኝም። እኔ ሁሉን ለስላሳ ስለው ይስቅብኛል፤ ለስላሳማ ሱቅም ይሸጣል ይለኛል። የራሱን ቃል ያወጣል። የአህያ ጆሮ የምንለውን ተክል ቅጠል፣ ጋቢ የለበሰ ይለዋል። ኮክን ደግሞ ጢም ሊያበቅል ያሰበ ጎረምሳ አለው፤ ይህን ያለው የኔን አገጭ ዳብሶ ነው። እሸት ባቄላ ስንፈለፍል ቅርፊቱን አይጥልም፤ ውስጡን በአውራ ጣቱ እያሸ፣ ፍሬዋ የተኛችበት ፍራሽ ይላል። የጥጃዋን አፍንጫ እርጥብ ትንፋሽ ብሎታል።

ለጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ ጥላ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰዎች የጥላውን ከፋይ ጨርቅ ሲያደንቁ ሰምቶ፣ ዕቃ ቤት ላስገባው ስል ተከትሎኝ መጣ። አንዴ ብቻ ልንካው፣ እጄን ታጥቤአለሁ አለኝ። ጣቶቹ ገና ውኃ ያንጠባጥቡ ነበር። እኔ በድቁናዬ ተኮፍሼ፣ ያልተካነ አይነካውም አልኩት። ታዲያ ከፋይ ምን ይመስላል ሲለኝ፣ ለስላሳ ነው በቃ ብዬ በሩን ቆለፍኩት። ያን ቀን አልሳቀብኝም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ያዘው። በታመመ በሁለተኛው ቀንም ያንኑ ጠየቀኝ፤ ሲሻልህ መምሬን አስፈቅድልሃለሁ አልኩት። አልተሻለውም።

በአርባው ለመምሬ ኃይለ ሚካኤል ነገርኳቸው። ንስሐ ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ ልጄ፣ ጥላ እኮ ጽዋ አይደለም፤ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ተሸክሞ ያመጣው ነጋዴ ካህን ነበር እንዴ? አሉኝ። የከለከልኩት እኔ ነኝ እታለም፤ ሌላ ማንም አልከለከለውም።

ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ ዐይኔን ጨፍኜ ከፋዩን ዳበስኩት። ወደ አንድ ወገን ሲያሹት ይተኛል፣ ሲመልሱት ይነሣል። እሱ ቢሆን ወዲያው ቃል ያወጣለት ነበር። እኔ ቆሜ ቆሜ ከለስላሳ ሌላ አልመጣልኝም።

ብትቆጪኝ አይከፋኝም፤ ዝም እንዳትዪኝ ብቻ። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ መልስሽ እንደ ደረሰኝ እነግራታለሁ። ከመደቡ ሥር ያስቀመጠውን የባቄላ ቅርፊት አግኝቼ እዚሁ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ደርቆ ጠቁሯል። ቀስ ብለሽ ክፈቺው፤ ውስጡ አሁንም ፍራሽ ነው።

እማዬ ወለተ ሰንበት ዐይንሽን ስማለች። አባባ እንዳላማው እግሯን በሞቀ ውኃ ትዘፍዝፈው ብለውሻል። አብራሽ የምትኖረውን ፀደንያን ሰላም በይልኝ። ታዲዮስ በየደብዳቤያችን ከሁላችን በታች አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያትምበት የነበረውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

ወንድምሽ አንተነህ
ደብረ ወርቅ፣ መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.