የላስቲክ ጫማ

ግንቦት 12

ልጃችን ሰላም ለሁለታችን የዛንዚባር ቲኬት ቆርጣልናለች፤ ባለቤቴ አስካለ ግን አልሄድም ብላለች።

ሳምንቱን ሙሉ በቀልድ ነው ያሳለፈችው። ሰላም በስልክ፣ "በጀልባ ትሄዳላችሁ፣ የባሕር ኤሊ ታያላችሁ፣ ትዋኛላችሁ" ስትላት፣ "የሸዋ ሮቢት ሰው ሙቀት ሸሽቶ ደብረ ሲና ይወጣል እንጂ ወደ ሌላ ሙቀት ይበራል እንዴ? ማንጎ እንደሆነ ጓሮዬ አለ" ትላታለች። ምክንያቷን አውቃለሁ። በልጅነቷ የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ታናሽ ወንድሟን ከወሰደው ጀምሮ እግሯን ወንዝ ውስጥ ነክራ አታውቅም። አልተጫንኳትም። ዛሬ ማታ ለሰላም ደውዬ ይቅርብን ልላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ልገዛ እትዬ ዘነበች ሱቅ ገባሁ። እየመዘኑልኝ፣ "ሚስትህ ጠዋት የላስቲክ ጫማ ወሰደች" አሉኝ።

"ለጓሮ ይሆናል።"

"የምን ጓሮ? ውሃ ውስጥ ከእግር ይወልቃል ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ነው ያረፈደችው። ደግሞ እንዳይነግሩት ብላኛለች፤ አልነገርኩህም።"

ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትቼ ወጣሁ።