ወንድማችንን የቸነከርኩበት ፌሮ

ለውዷ እህቴ፣ ለቁንጫዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ታች ተቀምጠሽ ደረጃውን ትሰድቢዋለሽ? ዓይንሽስ? ይህን ደብዳቤ ራስሽ ካነበብሽው ዓይንሽ ደህና ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው የሚያነብልሽ ከሆነ ደግሞ አንባቢው ይህችን መስመር እንዳይዘላት፤ ሽበትሽን ቀለም መቀባትሽን ሰምቻለሁ። ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? ያ የፊት ጥርሱ የወለቀው የልጅ ልጅሽ አበቀለ ወይስ እኔን ለመምሰል ቆርጦ ተነሳ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ከናፍቆትሽና በሁለት እጄ ላይ ከተጠመጠመው ፋሻ በቀር ሌላ ችግር የለብኝም። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው የመሰለውም በፋሻው ነው።

ፋሻውን ካነሳሁ አይቀር ላውራሽ። የወንድማችን የኮስታሬ ሚስት ደውላ አልቅሳብሽ ይሆናል። እሷ ስታለቅስ ከአሥር ቃል አንዱ ነው የሚሰማው፤ አንቺም “ወንድምሽ”፣ “ፌሮ” እና “ገደለው” የሚሉትን ብቻ ይዘሽ ስልኩን ዘግተሽ ይሆናል። ኮስታሬ አልሞተም። ፌሮው ግን እውነት ነው፤ የወጋሁትም እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሆን ብሎ ነው እያለ ነው። ዕድሜ ልክሽን ስቀልድብሽ ስለኖርኩ አንቺ የቱን እንደምታምኚ አላውቅም። ብቻ ከእኔ አፍ ስሚው።

እናታችን ስታርፍ እኔና ኮስታሬ ቤቱን ለሁለት እንደተካፈልን ታውቂያለሽ። እንዴት እንደተካፈልን ግን ደህና አድርጎ የነገረሽ የለም። ለቅሶው ላይ ኮስታሬ ሲንሰቀሰቅ አየሁትና፣ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት፣ ይሄ የሚያለቅሰው ለእናታችን አይደለም፣ ሰፊው ክፍል እንዳያመልጠው ነው አልኩ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ እሱ መች ስቆ ያውቃል ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ሳሎኑን መሃል ለመሃል መክፈል ጀመረ። በያጅ አይደል፣ የብረት ቋሚ በይዶ ለጥ ያለ ላሜራ አለበሰው። ታዲያ እኔ አናጢው የእሱን ላሜራ ሳይ ልኖር ነው? በእኔ በኩል የጣውላ ግድግዳ አቆምኩ፤ የእሱን እንዳይነካም አንድ ክንድ ያህል አራቅኩት። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ግድግዳ፣ በመሃላቸው ደግሞ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ክፍት የሆነ ጨለማ ክፍተት። እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ዓመት ሳንነጋገር ኖርን።

ጣሪያው ሥር ርግቦች አሉ። አንዳንዴ ጫጩት ይወድቅና እዚያው ክፍተቱ ውስጥ ይሞታል፤ ይሸተናል፤ ሁለታችንም አፍንጫችንን ይዘን እንታገሣለን። ግድግዳውን ቀድሞ የነካ ተሸነፈ ማለት ነዋ። አምና የኮስታሬ ሚስት ድመት ወደቀች። ሦስት ቀን ጮኸች። ሚስቱ ብትለምነው፣ የሱ ጣውላ ነው የሚቀለው፣ እሱ ያፍርስ አላት። እኔም በዚህ ወገን ሆኜ እየሰማሁ ሬዲዮኔን ከፍ አደረግሁ። እዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም፣ ቁንጫዬ። በሦስተኛው ቀን ድመቷ ዝም አለች።

ባለፈው ወር ደግሞ፣ እሁድ ጠዋት፣ ሁለት ሽለምጥማጦች ጣሪያው ሥር በርግብ ሲጣሉ ተያይዘው ወደቁ። ያንን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ላሜራው በጥፍር ሲቧጠጥ ጥርስ ያሳክካል፤ ጣውላው ይንቀጠቀጣል፤ የአባታችን ፎቶ ከሚስማሩ ወርዶ ተሰበረ። ጣውላዬን ደግሞ ስለ እልህ ብዬ አሳምሬ ልጌዋለሁ፤ የእሱም ላሜራ መስታወት በይው። እንስሶቹ ጥፍር የሚሰኩበት አጡ። መውጣቱ ሲያቅታቸው እርስ በርስ ተባሉ። ማታ ላይ ከጣውላው ሥር ደም ሾልኮ መጥቶ፣ አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መሬት ያነጠፈችውን የደንበኛዋን ነጭ ጨርቅ በከለው።

እሷም በማግስቱ አይጥና እባብ የሚያጠፋውን ሰውዬ ጠራችው። ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጥፎ አዳመጠና የማን ግድግዳ ይፍረስ አለ። እኔ በአገጬ ወደ ወዲያ አሳየሁት። ዞሮ ኮስታሬ ዘንድ ገባ፤ ኮስታሬም በአገጩ ወደ እኔ አሳየው። ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሞ ስቆ ስቆ፣ ሁለታችሁ ሽማግሌዎች ስትስማሙ ጥሩኝ ብሎን ሄደ። ማክሰኞ ጩኸቱ ቆመ። ረቡዕ ሽታው መጣ፣ ዝንቡም ተከተለ። ሐሙስ ጠዋት የልጅ ልጄ፣ አባባ፣ ወይ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ወይ የስፌት መኪናዬን አንስቼ እወጣለሁ አለችኝ። ያቺ ልጅ እንደ እኔ አትቀልድም።

ስለዚህ ተሸነፍኩ። መሸነፌን ግን ኮስታሬ እንዲያውቅ አልፈለግሁም። እሱ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ዳማ ሊጫወት ይሄዳል። እሱ ሲወጣ ከታች አንዷን ጣውላ ፈልቅቄ፣ ሬሳውን አውጥቼ፣ መልሼ ልመታት አሰብኩ። የልጅ ልጄ ክር ልትገዛ ወጣች፤ እኔም ኮስታሬ ሄዷል ብዬ ጣውላዬን ቀስ አድርጌ ነቀልኩ። ለካ እሱም እንደኔው በሚስቱ ጭቅጭቅ ተሸንፏል። እኔ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ እንደምተኛ ስለሚያውቅ፣ ዳማውን ትቶ፣ ላሜራውን በብረት መቀስ ከወዲያ ቀዶ፣ እጁን ከቶ የሬሳውን ጭራ ይጎትታል። ከእኔ ተደብቆ ነው። እኔም ከእሱ ተደብቄ ነው።

ቀዳዳው ጨለማ ነው። ኮሽታ ሰማሁ። ጎንበስ ብል፣ ቡናማ፣ ሸካራ፣ ጥላሸት የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። የብየዳ ጓንቱ ነበር፣ ቁንጫዬ። በምን ልወቀው? ከጎኔ ያስቀመጥኩትን ፌሮ አነሳሁ፤ ድሮ ስንነጋገር ኮስታሬ ራሱ ጫፉን እንደ ጦር የሳለልኝን። በሁለት እጄ ጨብጬ ባለ በሌለ ኃይሌ ቁልቁል ሰካሁት። ለስላሳ ነገር በሳ፣ ደረቅ ነገር ፋቀ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ጋር ተቸነከረ። ከወዲያ “እናቴ” የሚል ጩኸት መጣ። ሽለምጥማጥ እናቱን አይጠራም። ድምፁንም አወቅሁት።

ፌሮውን ልነቅለው ሳብ ሳደርገው በክፍተቱ በኩል ተናገረኝ።

“እንዳትነቅለው። ከነቀልከው ደሜ ያልቃል። ዝም ብለህ ያዘው፣ አንተ ደደብ።”

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ብረት የገባበት ሰው በሥራ ቦታ ስላየ ያውቃል። እኔም ያዝኩት። ክንዱ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ነው የተበሳው፤ ደሙ በፌሮው ዙሪያ ይፍለቀለቃል እንጂ አይረጭም። ብለቀው ፌሮው በገዛ ክብደቱ ይጋደምና ሥጋውን እየቀደደ ይሄዳል።

ይሄኔ ነው ሌላኛው የመጣው። የሞተው አንዱ ብቻ ነበር። ሌላኛው የጓደኛውን ሬሳ እየበላ አራት ቀን ጥግ ላይ አድፍጦ ኖሯል። ደም ሸትቶት ይሁን ብርሃን አይቶ እጄ ላይ ተከመረ። ጥርሱን አውራ ጣቴ ሥር እስከ አጥንቱ ሰደደው፤ በኋለኛ እግሮቹ ደግሞ የእጄን ጀርባ እንደ ሸንኮራ ላጠው። መልቀቅ አልችልም። እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፌሮው ክንዱ ውስጥ ይዞርና ኮስታሬ ያጓራል። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ፣ የቀረኝን ማለቴ ነው፣ እየተበላሁ ቆምኩ። ኮስታሬ በግራ እጁ መዶሻ አንስቶ በቀዳዳው ከተተ። አራት ጊዜ መታ። የመጀመሪያው የአውሬውን ወገብ፣ ሁለተኛው መንጋጋውን፣ ሦስተኛው ጭንቅላቱን አፈረጠው። አራተኛው የእኔን ሌባ ጣት ሰበረ። ሽለምጥማጡ ሦስተኛው ላይ ሞቷል እኮ፤ አራተኛው ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልነገረኝም።

ሚስቱ ከጓሮ ሮጣ ስትገባ ባሏ ክንዱ ግድግዳ ውስጥ ተተክሎ፣ በሌላ እጁ ደም የነካው መዶሻ ይዞ አየችው። ፌሮውንም አየች፤ የያዘውንም ሰው በቀዳዳው አየች። ገደለው እያለች መንገድ ላይ ወጣች። ሰፈሩ የሰማው ያንን ነው። የልጅ ልጄና ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ደርሰው ጣውላዎቼን ገነጣጠሉ፣ ላሜራውን ወደ ኋላ አጠፉ፣ አግዳሚውን እንጨት በፌሮው ግራና ቀኝ በመጋዝ ቆረጡት። ከነፌሮው፣ ከነእንጨቱ፣ እኔም ይዤው፣ በዳቦ መኪናው ባዶ ሳጥኖች መሃል ፊት ለፊት ተቀምጠን ሆስፒታል ሄድን። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይሰድበኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ አወረደብኝ። እኔ፣ ታውቂኝ የለም፣ አንድ ቃል አልመለስኩም።

ሐኪሙ ለእኔ የእብድ ውሻ መርፌ አዘዘልኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ዘግይቷል ይላሉ። የኮስታሬ ክንድ ግን አመረቀዘ። ሬሳ የነካው ፌሮ አይደል፣ እስከ ክርኑ ጠቁሮ አበጠ፤ እስከ ሰኞ ካልቀነሰ ከክርኑ በታች ይቆረጣል ተባለ። በዚያው ሰሞን ፖሊስ መጣ። ጎረቤቶች፣ እነዚህ ወንድማማቾች በደም የሚፈላለጉ ናቸው ብለውታል። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ “አንድ ቀን ከዚያ ላሜራው ጋር እቸነክረዋለሁ” ማለቴንም ነግረውታል። ብያለሁ። ቀልድ ነበር። ፖሊሱ እኔን አልጋው ግርጌ አቁሞ፣ ሆን ብሎ ነው ወይ ብሎ ኮስታሬን ጠየቀው። ኮስታሬ ጣሪያውን እያየ ቆየ። አንድ ቃል ቢወጣው ዕድሜዬ ወህኒ ቤት ማለቁ ነው። ከዚያ፣

“ይሄን ሰውዬ ስድሳ ዓመት ሚስማር ሲመታ አውቀዋለሁ” አለ። “አስቦ ቢሆን ኖሮ ይስተኝ ነበር።”

ፖሊሱ ሳቀ፣ ደብተሩን አጥፎ ወጣ። ኮስታሬ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ፣ አይተኸኝ ነበር ወይ አለኝ። ሽለምጥማጥ መስሎኝ ነው አልኩት። እሱን ሰምቻለሁ፣ የጠየቅሁህ ሌላ ነው አለ።

ለእሱ ያልኩትን ለአንቺም ልበልሽ። ክንዱን አላየሁም። የእናታችን አጥንት ምስክሬ ነው። ግን ፌሮውን ሳነሳ በልቤ የነበረው እንስሳው አልነበረም፣ እሱ ነበር። የመታሁት አውሬ ነው፤ የመታሁበት ጉልበት ግን የእሱ ነበር። ለቅሶው ላይ የተናገርኩትም ቀልድ አልነበረም፤ እሱ ማልቀስ ስለቻለና እኔ ስላልቻልኩ ነው የተናገርኩት። ይህንንም ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷ መጥታ፣ ፋሻውን አይታ ሄደች። በኋላ ሳይዞር፣ ውሃ ስጠኝ አለ። በተጠቀለለ እጄ ብርጭቆ ለማንሳት ስታገል ግማሹ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ጠጣው።

ሰኞ እብጠቱ ቀነሰ። ክንዱ ተረፈ፤ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ግን ተቆረጡ። ከእንግዲህ ብየዳ የለም። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ በቀልድም ቢሆን ልታስተባብዪልኝ አትሞክሪ።

አሁን ቤቱ ገብተናል። ቀዳዳው እንዳለ ነው፤ በሬ ያሳልፋል። እኔ ሁለቱም ይፍረሱ አልኩ፤ እሱ እናስብበታለን አለ። እስከዚያው የልጅ ልጄ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለችበት። ጠዋት ኮስታሬ በግራ እጁ ይከፍተዋል፤ መቀለድ ስጀምር ይዘጋዋል። ትናንት ሰባት ጊዜ ዘጋው። ሚስቱ እስካሁን አታናግረኝም፤ በድመቷ ነው፣ እውነቷን ነው። ትናንት ግን የራት ሳህኔን በመጋረጃው ሥር ገፋ አድርጋ አስገባችልኝ።

እንግዲህ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሽለምጥማጥ እንዳይገባበት ጣሪያውን እንዲያይ ንገሪው። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንትዮቹ፣ ጥርሱ ለወለቀው ጎረምሳ፣ ለሁሉም በየስማቸው ሳሚልኝ። የልጅ ልጄ ጉልበትሽን ትስማለች፤ የኮስታሬ ሚስትም ሰላም ብላሻለች፣ ቃሉን ያመጣልኝ ኮስታሬ ነው። እሱ ራሱ አሁን ከወዲያ ተቀምጦ ምን እንደምጽፍ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሁሉንም አነበብኩለት፤ ስለ ለቅሶውም ያለውን። ዛሬ መጋረጃውን ገና አልዘጋውም።

ታላቅ ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ አርብ፣ ኅዳር ፲፰