በምንጣፍ ብሩሽ ስለታጠበችው የአባቴ ጥቁር መኪና

ለተከበሩ ሻምበል ሃራላምቢ ቾርቦቭ
የሕንፃ ቁጥር 14፣ የሁለተኛው መግቢያ ነዋሪዎች ሊቀመንበር
ሩሴ ከተማ

ክቡር ሻምበል ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ጉልበትዎ፣ በተለይም ብሩሽ ስለሚይዘው ቀኝ ክንድዎ ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ እርስዎ እንዳስተዳደሩን ነን።

በጥላ ሥር እንደ መስታወት የሚያበራ መኪና ፀሐይ ሲያገኘው ሸረሪት ያደራችበት የሚመስለው ለምንድን ነው? ይህን ያልጠየቀ የመኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አጥንቼ፣ ዲፕሎማዬን ዓምና ተቀብዬ፣ መልሱን የማውቀው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን በአንድ የቅዳሜ ጠዋት በአባቴ መኪና ላይ በተግባር አሳዩኝ። ዩኒቨርሲቲው ያልቻለውን ስለቻሉ አመሰግናለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ከሃያ አራቱ ማሳሰቢያዎችዎ አጠገብ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። አባቴ ቬሊን ያረፈው ባለፈው መኸር ነው። ጥቁሯን መኪናውን ሃያ ሁለት ዓመት በገዛ እጁ አጥቧታል፤ አንድም ቀን ላቫጆ ወስዷት አያውቅም። እህቴ ካሊና ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ወደ ምረቃ ግብዣዋ በዚህችው መኪና ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ነበር። ግብዣው የፊታችን ሐሙስ ነው። አባቴ የለም፤ መኪናዋ አለች፤ የምነዳትም እኔ ነኝ። ቅሬታዎቼን በቁጥር ለመዘርዘር ያደፋፈረኝም ይኸው ነው።

፩ኛ/ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዳችን ሕንፃው በሙሉ ምንጣፉን አውርዶ ግቢ ውስጥ ሲያጥብ፣ እርስዎ «በበዓል ቀን ቆሻሻ መኪና በግቢዬ አይቆምም!» ብለው የመኪናዋን ልብስ ገፈፉ። ከዚያም ምንጣፍዎን ሲሚንቶ ላይ ሲፈትጉበት በነበረው በዚያው ብሩሽና በልብስ ሳሙና ዱቄት ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ አሹልን። የክረምቱ አሸዋ በሙሉ ብሩሹ ውስጥ ነበር። ክብ ክብ እያደረጉ፣ እያፏጩ፣ ጫን ብለው። እናቴ በመስኮት አይታ «እግዜር ይስጥልን ሻምበል፣ የቬሊንን ነፍስ ደስ አሰኟት» አለችዎ፤ የፋሲካ ቀይ እንቁላልም ይዛልዎ ወረደች። እኔም አመሰገንኩዎ። ውሃ ጭረትን ይሸፍናላ፤ እርጥብ መኪና ሁሉ ቆንጆ ነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ የሸረሪት ድር የመሰለው ጭረትም በሙሉ ታየ። እናቴ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየችና «እንቁላሉን ባልሰጠሁት» አለች።

፪ኛ/ ጉዳዩን በትሕትና ላስረዳዎ ደጅዎ ድረስ ስመጣ «አንተ ልጅ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የከረምከው መወልወል ለመማር ነው? የእኔን መኪና እየው! በዚሁ ብሩሽ አሥራ አምስት ዓመት አጥቤዋለሁ፤ አንዲት ጭረት ብታገኝበት ብሩሹን እበላዋለሁ!» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፤ ወደዚህ ቃልዎ እመለሳለሁ።

፫ኛ/ ጭረቱን ማጥፋት የሚቻለው በጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ የጋራ መጋዘናችንን ቁልፍ ለአንድ ሳምንት እንዲያውሱኝ በጽሑፍ አመለከትኩ። መጋዘኑ ለጋራ ጥቅም እንጂ ለግል እንደማይሰጥ ገለጹልኝ። በመስኮቱ ሳይ ግን የጋራ ጥቅማችን ሦስት መቶ ያህል ባዶ የቃሪያ ጠርሙሶችዎ ሆነው አገኘኋቸው። በሰልፍ ቆመዋል፤ አቧራቸው እንኳ እኩል ነው። የጡረታ ዘመንዎ ያለ ወታደር እንዳልቀረ በማየቴ ተጽናናሁ።

ስለዚህ በየማለዳው፣ ፀሐይ ሕንፃውን ሳትዞር፣ ግቢው ውስጥ ሠራሁ። ከሦስተኛ ፎቅ እትዬ ዶብሪንካ ትልቅ አንሶላ ይዘው ወርደው በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዳስ አድርገው ዘረጉልኝ። «የሰርጌ አንሶላ ነው ልጄ፤ ከተገዛ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ። ባላቸው ከበረንዳው ሆነው ሰምተዋል።

የሠራሁትንም ለሊቀመንበር ሪፖርት ማቅረብ ግዴታዬ ነው። አባቴ እንዳስተማረኝ ሁለት ባልዲ አቀረብኩ፤ አንዱ የመኪና ሳሙና ያለበት፣ ሌላው የእጅ ጓንት የመሰለውን ለስላሳ ማጠቢያ ማለቅለቂያ፣ ከሥሩ አሸዋውን የሚያስቀር ወንፊት ያለው። ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ሳልጫን አጠብኩ። ወፍራም ፎጣ ጋደም አድርጌ ውሃውን እንዲጠጣ ተውኩት እንጂ አላሸሁም። ማዕዘኖቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ከሁሉ የለሰለሰውን ስፖንጅና ከሁሉ የቀለለውን ማለስለሻ ቅባት መርጬ መጀመሪያ መዳፍ በምታህል ቦታ ሞከርኩ፤ በእጅ ባትሪ አየሁ፤ ከዚያ በትንሿ መወልወያ ማሽን ቀስ እያልኩ ቀጠልኩ። በመጨረሻም ያለቀውን ክፍል ሰም ቀባሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ጭረት አይሞላም። ጭረት የሚጠፋው በዙሪያው ያለውን የቀለም ሽፋን እስከ ጥልቀቱ ድረስ በመላጥ ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ከፀጉር ይቀጥናል። አባቴ ሁለት ጊዜ ወልውሎታል፤ የእኔ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ የለም። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ከጥልቆቹ ሦስቱን ትቻቸዋለሁ። እርስዎ በሩብ ሰዓት የፈጸሙትን እኔ አሥራ ሁለት ማለዳ ሠርቼ ሙሉ በሙሉ መሻር አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ዘላቂ ሥራ በሊቀመንበርነት ዘመንዎ ሌላ አላስታውስም፤ ሊፍቱንም ጨምሬ ማለቴ ነው።

፬ኛ/ ትናንት ሰኞ፣ አንድ በር ብቻ ሲቀረኝ፣ ሃያ አራተኛውን ማሳሰቢያ ለጠፉ፦ «በግቢው ውስጥ ተሽከርካሪ ማጠብም ሆነ መወልወል ክልክል ነው።» የግቢውን የቧንቧ እጀታም ነቅለው ወደ ቤትዎ አስገቡ። መኪና ማጠብን የከለከሉት ከእርስዎ በኋላ ማንም እንዳያጥብ ከሆነ፣ ብልህነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

የቀረው ከኋላ በስተግራ ያለው በር ነው። ካሊና የምትቀመጠው በዚያ በኩል ነው። ማሳሰቢያውን ሳነብ ወንዙ ዳር ወስጄ ልጨርሰው ተነሥቼ ነበር። እህቴ ግን በእጅ ባትሪው በሩን እያየች ሳቀች፤ ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ተወው» አለችኝ።

«እብድ ነሽ እንዴ? ለዚህ ቀን አይደል የምደክመው?»

«ተወው አልኩህ ራዶ። አባዬ ቢኖር ይሰድበው ነበር፤ እኛ ደግሞ እናሳየዋለን። በዚያ በኩል በእሱ በረንዳ ሥር አሳልፈኝ። ቀስ ብለህ።»

ስለዚህ ክቡር ሻምበል፣ ማሳሰቢያዎን አከብራለሁ፤ በሩ እንዳለ ይቆያል። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ፀሐይ በእርስዎ በኩል ስትሆን፣ ጥቁሯ መኪና በበረንዳዎ ሥር ትቆማለች። ካሊና፣ ተመራቂዎቻችን ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ በመኪናዋ መስኮት ብቅ ብላ የተማረችባቸውን ዓመታት ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እየጮኸች ትቆጥራለች። ጎረቤቶቼ ሆይ፣ እባካችሁ ሁላችሁም ወደየበረንዳችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ቁጠሩላት፤ አባቷ ሊያሰማት የነበረውን ድምፅ እናንተ ሙሉላት። ከአሥራ ሁለት በኋላ አንድ አፍታ ዝም በሉና በሩን ተመልከቱ። ቅዳሜ ደግሞ ባልዲ ያለው ባልዲ፣ አንሶላ ያለው አንሶላ ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይምጣ፤ የማውቀውን ሁሉ አሳያችኋለሁ። የመኪና መወልወል ሥራ ለመጀመር ካሰብኩም ቆይቻለሁ፤ የሕንፃው ግማሽ መኪና በዚያው ብሩሽ ታሽቶ እንደ አባቴ መኪና ስለሆነ ሊቀመንበራችን ገበያ አዘጋጅተውልኛል።

በእርስዎ ብሩሽ የተማርኩ፣ በእርስዎ ማሳሰቢያ የታረምኩ፣ ለዘለዓለም ባለውለታዎ የሆንኩ

ራዶስቲን ቬሊኖቭ
አራተኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 11

ማስታወሻ፦ ወደ ቃልዎ እንደምመለስ ተናግሬ ነበር። ብርማ ቀለም ጭረትን ይደብቃል፤ ጥቁር ቀለም ይናገራል። ዛሬ ጠዋት ብርማ መኪናዎን ሳልነካ በእጅ ባትሪ ብቻ አየሁት፤ እትዬ ዶብሪንካና ባላቸው ምስክሮቼ ናቸው። አሥራ አምስቱ ዓመት በሙሉ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ከአባቴ መኪና ይብሳል። እስከዛሬ ያላዩት ቀለሙ እንደ እኛ ስለታገሠዎት ነው። የእጅ ባትሪዋን በርዎ ላይ አንጠልጥያታለሁ። ራስዎ አይተው፣ ብሩሹን የሚበሉት ከሐሙስ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ፣ በሃያ አምስተኛው ማሳሰቢያ ይመልሱልን።