የዘበኛው ኑዛዜ

ሰኞ

ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ከግድግዳው ማዶ ሴት ስትለምን ሰማሁ። «ስለ እናትህ ብለህ ተወኝ» ትላለች። ማዶ የሚኖሩት ጋሽ አድማሱ ናቸው፤ ብቸኛ ሽማግሌ። ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ማንም የለም። «ደህና ነሽ መምህርት?» አሉኝ በወፍራም ድምፃቸው።

ለአከራዬ ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ድሮ አዲስ አበባ ድራማ ይሠሩ ነበር እኮ። ወንዱንም ሴቷንም የሚጫወቱት ራሳቸው ናቸው።»

ይሁን። ግን ድምፁ የእሳቸው አልነበረም። ጭጋጉም ዛሬ ከግቢው አልወጣ አለ። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ

የጋሽ አድማሱን ፊት የት እንደማውቀው ዛሬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ትዝ አለኝ። ደሴ፣ ልጅ ሆኜ፣ የጎረቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን። በየድራማው ነበሩ። ዋና ተዋናይ ሆነው ግን አያውቁም። ሾፌር፣ አሽከር፣ ሬሳውን መጀመሪያ የሚያገኝ ሰው። ስማቸውን የሚይዝ የለም፤ ፊታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ የወንጀል ልብ ወለድ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ ገና ብቅ ሲሉ «ገዳዩ ይሄ አይደለም፣ ቀድሞ የተጠረጠረ ንጹህ ነው» ይለን ነበር። አንዴ ብቻ ተሳሳተ። በዚያ ድራማ እመቤቲቱን የገደላት ዘበኛው ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ጋሽ አድማሱ። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ብቻዬን ጓሮ መውጣት እንደፈራሁ።

ቧንቧው ጋ አግኝቼ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። «የቱን አየሽ?»

«ዘበኛውን።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ባልዲያቸው ሳይሞላ አንስተው ገቡ።

ሐሙስ

ትናንት ፈተና ሳርም ዋልኩ፣ አልጻፍኩም።

በእረፍት ሰዓት እትዬ ብርቄ ደወሉ። ጋሽ አድማሱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ሴት ገድያለሁ» ብለዋል። ታስረዋል። የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ ሮጥኩ። መርማሪው ሳጅን ዘውዱ ሽማግሌው የሰጡትን ቃል ነገረኝ። «በእጄ ነው። ስትጮህ እንኳ ስሜን አልጠራችም።»

ይህን አውቀዋለሁ።

«ሳጅን፣ ይሄ እኮ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።»

አላመነኝም። አስመጥቶ ፊት ለፊቴ አስቀመጣቸው። በድራማው ውስጥ ፖሊሱ የሚለውን አልኳቸው፦ «ለምን ዛሬ መጣህ?»

አገጫቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረጉ። ልክ በድራማው እንዳደረጉት። ከዚያ፣ «ቤቱ ዝም ስላለ» አሉ።

ሳጅን ዘውዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ዓርብ

ተለቀቁ። ዋሳቸው እኔ ነኝ። እርጅና ነው፣ ድራማውና ኑሮው ተደባልቆባቸዋል ተባለ። ኮራሁ፣ አልዋሽም። አባቴ ቢያየኝ።

ስንወጣ ሳጅኑ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ድራማው ላይ ሬሳው የት ነበር?»

«ግቢው ውስጥ፣ የውሃ ጉድጓድ።»

«እሳቸው ግን ማንኪራ ነው ያሉን። ጫካው ውስጥ፣ ቀፎ ከተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ ሥር።»

ማንኪራ የተወለዱበት መንደር ስለሆነ ይሆናል አልኩት። እሱም ይሆናል አለ። በባጃጅ ይዣቸው መጣሁ።

ቅዳሜ

ቁርስ ወሰድኩላቸው። በሉ። ከዚያ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ አድማሱ፣ ድራማው ላይ ጉድጓድ ነበር አይደል?»

«ጉድጓድ ነበር።»

«ማንኪራስ?»

እጃቸውን ታጠቡ። በፎጣ ቀስ ብለው አደረቁ።

«እሱን ማንም አልጻፈልኝም» አሉ።

ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ወጣሁ።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ሽማግሌ ናቸው። ታመው ይሆናል። ደግሞ ዋስ ሆኜ ያስፈታሁ እኔው፣ በምን አፌ? ግን እንዲያ ያለች ሴት ከነበረች፣ የማን ልጅ ናት? ማን ሲጠብቃት ኖረ?

ከግድግዳው ማዶ ዛሬ ምንም ድምፅ የለም።

እሑድ

ነገርኩት። ሳጅን ዘውዱ አልተቆጣኝም። ነገ ከማንኪራ ሽማግሌዎች ጋር ጫካው ይገባሉ፤ ድሮ ከመንደሩ የጠፋች ሴት እንዳለችም ይጠይቃሉ።

ስመለስ ጋሽ አድማሱ ወንበር አውጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። በእሳቸው በኩል ሳላልፍ ቤቴ መግባት አልችልም።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

ትከሻቸው ወረደ። እንባቸው ፈሰሰ፤ አልጠረጉትም። ብዙ ጊዜ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፣ በቴሌቪዥን። እንዲህ ግን አልነበረም። አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ ማን እንደሚያያቸው ግድ የላቸውም።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉኝ።

ገባሁ። በሩን ቆልፌአለሁ። ምነው ትወና በሆነ እያልኩ ነው።