ኢክራም ትሰለፍ ወይስ ትቅር

ሰኞ

ትምህርቱ ተጀመረ። ጣሪያው ገና እየተጠገነ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መዶሻው ከላይ እየጮኸብን። ከናይሮቢ የመጣችው መምህርት ለእኛ ለሴት ቡድን አሰልጣኞች ስለ ተጫዋች መብት አስተማረችን፦ አይመታም፣ አይሰደብም፣ በመጣበት አገር ምክንያት ከሜዳ አይባረርም። ዓለም አቀፍ ውድድር የሚመኝ ይህን ከቤቱ ይጀምር አለች። ደስ አለኝ። ሐሙስ የእኔ መረብ ኳስ ቡድን በእንግዶች ፊት ይጫወታል።

ማክሰኞ

የሴቶች ስፖርት ማኅበሩ ሊቀመንበር ከክፍል ስወጣ ጠራችኝ። ሶማሌ ብትሆንም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይጣፍጣል።

«ፎዚያ እህቴ፣ ያቺ ሐበሻዋ ልጅ ሐሙስ አትሰለፍ። የአገሩን ልጆች ነው የምናሳየው።»

ኢክራምን ነው። እንደ እኔ ከኢትዮጵያ ወደዚህ ሶማሌ አገር የመጣች ናት፤ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሥራዋን ጨርሳ እየሮጠች ነው ልምምድ የምትደርሰው። እንደሷ ዘልሎ የሚመታ የለንም።

«የትናንቱ ትምህርትስ?» አልኳት።

«ትምህርት ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አንቺም እንግዳ ነሽ። ሜዳውን የሰጠንሽ እኛ ነን።»

እውነቷን ነው። ቢነጥቁኝ ልጆቹ የት ይጫወታሉ? ወደ ልምምድ ሄድኩ። ለኢክራም ስነግራት «ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ» አለችና ጫማዋን ማሰር ቀጠለች።

ረቡዕ

ራሴን አሞኝ ዋለ። ልምምድ ላይ ኢክራም እንደማትሰለፍ ለሁሉም ተናገርኩ። መረቡን መወጠር ቀጠሉ። አምበላችን ሆዳን ግን ኳሱን አስቀምጣ ወደ ሊቀመንበሯ ቢሮ አመራች። ተከተልኳት። ሆዳን በዚህ አገር ጦርነት ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ካምፕ ያደገች ናት፤ ተመልሰው አሁን ሼክ ኑር ሰፈር ይኖራሉ።

«እኔ ኳስ የተማርኩት በእነሱ አገር፣ ድንኳን መሀል ነው» አለቻት በሶማሊኛ። «የማን ልጅ ነሽ ብሎ የመለሰኝ የለም። ኢክራም ካልገባች እኔም አልገባም።»

ሊቀመንበሯ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የላክሻት?»

«አይደለሁም» አልኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ግን እኔም ከሷ ጋር ነኝ።»

ሊቀመንበሯ ለሰላት ተነሳች።

ሐሙስ

ኢክራም ተሰለፈች! ሊቀመንበሯ ጠዋት «ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» ብቻ አለችኝ። ከተመልካቾቹ ሴቶች አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ጥለው የወጡም ነበሩ። ኢክራም ይህን አይታ እጇ ተሳሰረ፤ የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍን። ሆዳን ጠጋ ብላ በአማርኛ «ምቺው፣ ከኋላሽ አለሁ» አለቻት። መታችው። ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

ጨዋታውን አላሸነፍንም። ለመምህርቷ ስለ ማክሰኞው ነገር አልነገርኳትም፤ መንገር ነበረብኝ ይሆን?

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ኢክራም ቤቴ መጣች። አሠሪዋ ከተመልካቾቹ መካከል እንደነበረች ነገረችኝ። ደነገጥኩ።

«ምን አለችሽ?»

«"እቤት ስትሠሪ እንዲህ ቀና ብለሽ አይቼሽ አላውቅም" አለችኝ።»

«ተቆጥታ ነው?»

«እንጃ። ፊቷ አያስታውቅም። ብቻ ዛሬ ስወጣ እንደወትሮው ወዴት ነው አላለችኝም።»

ስለ ሜዳው እስካሁን የጠራኝ የለም። ነገ ልምምድ አለ ብዬ ለልጆቹ መልእክት ልኬላቸዋለሁ። አላህ ያውቃል።