በመቁጠሪያሽ የለካሽው ውሃ

ለወለተ ሥላሴ፤ በዓለም ስምሽ አስካለ ለተባልሽ፣ አርባ አራት ዓመት አብረሽኝ ለኖርሽ ባለቤቴ። በዐፀደ ነፍስ ባለሽበት የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ።

ሙት ዓመትሽን ካወጣን እነሆ ሦስተኛው ወር ገባ። ስምሽ በጸሎተ ፍትሐት ሳይጠራ የቀረበት ቀን የለም። የቤታችንን ነገር ሳልነግርሽ የቆየሁት ረስቼ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ምድር ቤቱን ታስታውሻለሽ። የአዳማ ሙቀት የብራና መጻሕፍቴን እንዳያደርቅብኝ ብዬ፣ ግንበኛው «መሪጌታ፣ ይህ መሬት ከሥሩ ውሃ አለው፤ ተዉት» እያለኝ፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ቁልቁል ያስቆፈርሁት ነው። ውሃው ከመጻሕፍቴ ቀድሞ ገባበት። ከዚያ ወዲህ በማእዘኑ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ ተቀመጠ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ብላ ሞተሩን ታስነሣለች፤ ሲጎድል ዝቅ ብላ ታቆመዋለች። ሲነሣ ያጓራል፤ ሲቆም ደግሞ አንድ ሰው ቱቦውን በመዶሻ የመታው ያህል አንዴ ይጮኻል። እኔ ድምፁን ስጠላ አንቺ «ይጩህ፤ ዝም ቢል ነው የሚያስፈራኝ» ትዪኝ ነበር። ጠጋኝ ቤት ማስገባት ታክቶሽ መስሎኝ ነገሩን ተውሁት።

ከተለየሽኝ በኋላ አንድ ክፉ ልማድ ያዝሁ። የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ሳደርስ ጩኸቱ ሐሳቤን እንዳይበትነው የሞተሩን ገመድ ከሶኬቱ እነቅል ነበር፤ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። በዐቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሳልመልሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስወርድ የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች በውሃ ተውጠዋል። ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል፤ በሰማዩም ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ርሰው፣ ቀዩ ቀለም ከብራናው ተላቆ በውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

በዓለም ጤና ከተማ የሽንኩርት መስኖ ሞተሮችን የሚጠግነውን ቶሎሳን አስጠራሁ። «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ቁልቁል አይቶ ሳቀ። «እኛ ውሃን ለምነን፣ አባብለን ነው የምናወጣው። እርስዎ ዘንድ ሳይጠራ ይመጣል። ዜማ ሊማር ይሆን?» አለኝ። ፓምፑን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሆዱን ፈታው። ውሃውን በሚገፋው ክንፍ መካከል ነጭ ጠጠር ተሰንቅሮ ነበር፤ የማጓራቱ ምክንያት እርሱ ነው። የመዶሻው ድምፅ ደግሞ፣ ሞተሩ ሲቆም በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ ያረጀውን መዝጊያ ሲመታው የሚሰማ ኖሯል። ጠጠሩን አወጣ፤ መዝጊያውን ለወጠ፤ ግድግዳውን ይነካ የነበረውን ቱቦ አራቀ፤ ከፓምፑም ሥር ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አነጠፈ። ተማሪ ዜማውን የት ላይ እንደሳተ በጆሮዬ የምለይ ሰው፣ በዚህ አንድ ጩኸት ውስጥ ሁለት ሕመም መኖሩን ይህን ሁሉ ዓመት አልለየሁም።

ቶሎሳ እጁን ሊታጠብ ወደ ጉድጓዱ ሲያጎነብስ ሳቁን ተወ። ከሥሩ አንድ እፍኝ ነጭ አሸዋ ዘገነ። «ውሃው ለብ ይላል፤ የዝናብ አይደለም፤ ከታች ነው የሚመጣው። ደግሞ ይህን ይዩት። ፓምፑ የሚያወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ አፈሩንም ነው። ከቤትዎ ሥር።» ሞተሩን ባቆመውስ ብዬ ጠየቅሁት። «ያኔ ውሃው ይገባል» አለኝ። ምሳ ቢቀርብለትም ሳይቀምስ ሄደ።

እኔ ግን በጸጥታው ደስ ብሎኝ ሦስት ቀን ያለ ሐሳብ ጸለይሁ። በአራተኛው ቀን ተከራያችን ጫልቱ በሬን አንኳኳች። እንደምታውቂው ክፍሏ በቀጥታ ከጉድጓዱ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። «አባባ፣ ሞተሩ ያረፈ መሰለዎት? አላረፈም እኮ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። እማማ ቢኖሩ ይቆጥሩት ነበር» አለችኝ። ምኑን ብዬ ብጠይቃት፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን በምውልባቸው ቀኖች አንቺ መቁጠሪያሽን ይዘሽ በደረጃው ላይ ትቀመጪ እንደነበረ ነገረችኝ። ሞተሩ ሲቆም እግዚኦታ ትጀምሪያለሽ፤ አርባ አንዱ ሲሞላ በከሰል አንድ መስቀል ታደርጊያለሽ፤ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ እንዲሁ ትቀጥያለሽ።

ባትሪ አብርቼ ወረድሁ። በደረጃው ጎን፣ ብርሃን በማይደርስበት ግድግዳ ላይ መስቀሎችሽን አገኘኋቸው። በላይኛው ረድፍ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከሥሩ ዘጠኝ፤ ከዚያ ሰባት። በመጨረሻው ረድፍ አራት ብቻ አሉ፤ ጉድጓዱ የሚሞላበት ጊዜ እያጠረ መሄዱን ለክተሽ ኖሯል።

ያን ጊዜ የሕመምሽ ወራት ትዝ አለኝ። «መሪጌታ፣ መጻሕፍትዎን ወደ ላይ ያውጧቸው፤ ምድር ቤቱን ባዶ እናድርገው» ብለሽኝ ነበር። እኔ የምትሰናበት ነፍስ ቤቷን የምታሰናዳ መሰለኝ። ስለ ሞት እንዳትናገሪ ብዬ ቃል በቃል ላይ ደርቤ ስለ ዘላለም ማረፊያ ተረጎምሁልሽ። ትክ ብለሽ አየሽኝና ፊትሽን ወደ ግድግዳው መለስሽ። አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅሽ አጽናናሁሽ። ለጉባኤ የተማርሁት ትርጓሜ በገዛ ቤቴ የተነገረኝን ግልጽ ቃል ሸፈነብኝ፤ ይህን በንስሐ አባቴ ፊት ተናዝዣለሁ፤ አሁን ደግሞ በአንቺ ፊት እናዘዛለሁ።

በዚያው ቀን መቁጠሪያሽን አንሥቼ ከተቀመጥሽበት ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለተኛውን እግዚኦታ ፈጽሜ ሦስተኛውን ስጀምር ሞተሩ ተነሣ። ከአራቱ መስቀሎችሽ በታች ሁለት መስቀል አደረግሁ።

ከሞትሽ ወዲህ ቆልፌው የኖርሁትን ክፍልሽን ከፍቼ ጫልቱን አስገባኋት። ነጠላሽ ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር፤ አጥፌ ሰጠኋት። ልጇን የታቀፈችው በእርሱ ነው። አሁን ሕፃኑን ይዛ አርሲ ነገሌ እናቷ ዘንድ ናት። መጻሕፍቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስወሰድሁ። ቶሎሳ ያነጠፈውንም ጎማ አወጣሁት፤ ዝም የሚለውን ሞተር ዳግመኛ አላምነውም። በዋናው በር ራስጌ ያለው ስንጥቅ በጾሙ መግቢያ የክር ያህል ነበር፤ አሁን ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። ባቆመው ውሃው፣ ባስነሣው አፈሩ፤ በሁለቱ መካከል ቤቱን ይዤ ቆየሁ። ሳርፍ ካንቺ ጎን ለመተኛት የምነሣው ከዚህ ቤት እንዲሆን እመኝ ነበርና መውጣት ከበደኝ። ስለዚህ ሞተሩ አንድ እግዚኦታ የማያስፈጽመኝ ዕለት እወጣለሁ ብዬ ለራሴ ወሰንሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ስምሽን አስቀድሜ እቆጥራለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ስል ሞተሩ ተነሣ።

መቁጠሪያሽ በእጄ ነው፤ ሌላ የምይዘው የለኝም። በሩን አልቆልፈውም። የቀሩትን አምስቱን ስለ ወለተ ሥላሴ እያልሁ በመንገድ እፈጽማቸዋለሁ፤ በማድርበትም ቤት ሁሉ ከመጀመሪያው እጀምራቸዋለሁ።