ስለ አዲሱ የገበያ በርና ስለ በረኛው

ለተከበሩ ጓድ ያየህ
የቢቸና መሐል ገበያ ማነቃቂያና ጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ኅዳር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ ቢቸና

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከሞቱት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እርስዎም፣ ልጆችዎም፣ ከቢሮዎ ደጅ ጠመንጃ ታቅፈው የሚቆሙት ጠባቂዎችዎም እህል የሚስማማችሁ፣ እንቅልፍ የሚወስዳችሁ ያድርግልኝ። በተለይ እንቅልፉን አጥብቄ እመኝልዎታለሁ፤ እኔ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስላጣሁት ጥቅሙን አውቄዋለሁ።

ሰብለ ወንጌል እባላለሁ። በገበያው አፍ፣ የሞጣው መንገድ ወደ ከተማ በሚገባበት፣ ጨውና ላምባ የምሸጥ መበለት ነኝ። አባቴ የድጓ መምህር ስለነበሩ ዳዊት አስደግመውኛል፣ መጻፍም አስተምረውኛል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ሰው የለም። ጸሐፊውን ፍለጋ የማንንም ውስጥ እግር እንዳይገርፉ ብዬ አስቀድሜ መንገሬ ነው። ደብዳቤውን በእጅዎ መስጠት ይገባኝ ነበር፤ ሰኞም ማክሰኞም ደጅ ጠንቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ሕዝብ እያነበበው ይደርስዎት ዘንድ ከአዋጅ ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፎ ያገኙታል።

አንደኛ፣ ገበያችንን ለማነቃቃት ስለተነሡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነት ነው፣ ገበያው ታሞ ነበር። አምና በየማታው ተኩስ ሲሰማ፣ የጨርቅ ተራ ነጋዴ ከአልጋው ተጎትቶ ሲወሰድና ጠዋት ከቀበሌው ጓሮ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ባላገሩ እግሩን ሰበሰበ፤ ሱቆቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። እኛ መሃይማኑ ነገሩ ከተኩሱ ይመስለን ነበር። እርስዎ ግን በአንድ ስብሰባ ደረሱበት፤ በሽታው ለካስ ሱቆቹ ቀለም ያለመቀባታቸው ኖሯል! ይኸው ከጨው ተራ እስከ እህል ተራ ቀይ ተቀባን። ቀዩ ለምን እንደተመረጠ ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ከአማቼ ከደምለው ሱቅ መዝጊያ ላይ የተረጨውን ደም አይቶ የሚደነግጥ ገዢ እንደማይኖር ስገነዘብ፣ አርቆ አሳቢነትዎን አደነቅሁ።

ሁለተኛ፣ በአራቱም ማዕዘን ክፍት የነበረውን ገበያ በቆርቆሮ አጥረው አንድ በር ብቻ ስለተዉለት፣ ቀድሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆም የነበረውንም ገበያ ጠዋት ብቻ እንዲሆን ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላው ለውይይት ክበብ እንደሚያስፈልግ ተነግሮናል። ሕዝቡ በአንድ በር፣ በአንድ ሰዓት፣ ትከሻ ለትከሻ ሲገባ ከሩቅ ለሚያየው በእርግጥም ገበያው የደመቀ ይመስላል።

ሦስተኛው ስለ ጠመንጃዎቹ ነው፤ ይህ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እርስዎ ወደዚህ ከመመደብዎ በፊት፣ የባለቤቴ እናት በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ወደ ገበያ የሚገባ ባላገር ጠመንጃውን አደራ የሚያኖረው በእኛ ቤት ነበር። የመበለት ቤት ስለሆነ ማንም ጉልበት አያሳይበትም። ደንቡ አንድ ነው፤ ሲመለስ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ አንድ ጣሳ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ጠመንጃውን ይረከባል። ጠላ ናላው ላይ የወጣበት፣ በዋጋ የተጣላ፣ ደመኛውን በእህል ተራ ያየ ሰው ውሃውን እስኪጨርስ ልቡ ይመለሳል። የማይመለስ ከመሰለኝ ደግሞ ማሰሮው ጠፋኝ ብዬ ጓዳ እገባለሁ። ደመኛው መንገዱን እስኪያጋምስ ድረስ ማሰሮ ፍለጋ ጓዳ የቆየሁበት ቀን ብዙ ነው። ጸጥታችን ይኸው ነበር፤ ኋላ ቀርነቱን አልክድም።

በዚሁ ኋላ ቀር ደንብ የኖሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ሣህለ ማርያም የሚባል ሰው በድንበር ጠብ የጉንደ ወይኑን ፈረደን በምንሽር ገደለው። ገዳዩም ኋላ በሕመም ሞተ፤ ደሙ ግን ለልጆቹ ቀረ። የሣህለ ማርያም ታላቁ ልጅ ደምለው ልጄን ጥሩአየሁን ያገባው፣ ከገበያው አፍ አቡጀዴና ክር የሚሸጠው ነው። ታናሹ ገብረ ሕይወት ደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ ነው። የተገደለው የፈረደ ልጅ ደግሞ ፋንታ ይባላል። ሽማግሌዎች እርቁ እስኪያልቅ ድረስ ገበያውን ከፈሉላቸው፤ ደምለው ጠዋት ሸጦ ቀትር ላይ ሱቁን ይዘጋል፣ ፋንታ ከቀትር በኋላ ይገባል። ፈረደ የተገደለበት ያ ምንሽርም ደሙ እስኪደርቅ ላይወጣ ከእኔ ቤት ተቀመጠ። ጥሩአየሁ ማንገቻውን በቀይ ክር ጠልፋ ስለነበር ከሌላው ጠመንጃ ሁሉ ይለያል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ አንዳቸው የአንዳቸውን ፊት ሳያዩ ሁለቱም ልጅ ወለዱ።

እንግዲህ ኮሚቴዎ ምን እንዳደረገ አብረን እንየው። ከቀትር በኋላ ያለውን ገበያ አጠፋ። ጠዋት ሱቁን ያልከፈተ አሻጥረኛ ነው አለ። ከቤቴ የአደራ ጠመንጃዎቹን ሰብስቦ ወሰደ፤ ያ ምንሽር እንዳይወጣ እግራቸው ላይ ወድቄ ብለምን አንዱ ጓድ በቡት ጫማው ጎኔን አለኝ። አደራ በላ አደረጋችሁኝ። ከዚያ ለአዲሱ በር ጠንካራ፣ ሰው የማይፈራ፣ የእያንዳንዱን ፊት የሚለይ ዘበኛ ተፈለገና ፋንታ ተመረጠ። በእርግጥ ፊት ይለያል! ከዚያም ከተሰበሰበው ጠመንጃ መካከል አንዱ ወጥቶ ተሰጠው። የትኛው እንደሆነ ገምተውት ይሆናል። አባቱ የተገደለበትን ጠመንጃ ለልጁ አስታጥቃችሁ፣ ከገዳዩ ልጅ ሱቅ ፊት ለፊት አቆማችሁት። ከቢቸና ሰው አንዱን ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ እንኳ ይነግራችሁ ነበር፤ እናንተ ግን ጥያቄ የምትጠይቁት እያሰራችሁ ብቻ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደምለው ጣቃ አቡጀዴ ተሸክሞ ሊገባ ሲል ፋንታ አስቆመው። እጅህን አንሣ አለው፤ አነሣ፣ ጣቃውም ወደቀ። እኔ ከደጄ ሆኜ አያለሁ። ደምለው ዓይኑ ቀዩ ክር ላይ አረፈ። ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ «ፋንታ፣ ይህን ጠመንጃ አንተም እኔም ልንይዘው አይገባም ነበር» አለው። ፋንታ ተኩሶ ደረቱን መታው። አማቼ በጉልበቱና በክንዱ እየዳኸ ወደ ሱቁ ሄደ፤ መዝጊያውን ሲይዝ ሁለተኛው ጥይት ከማጅራቱ ገብቶ በጉሮሮው ወጣ። ሕዝቡ ሊሸሽ ዞረ፤ መሸሻው ግን ተኳሹ የቆመበት ያው አንዱ በር ነው። ቆርቆሮው ላይ የተንጠለጠለ ሰው መዳፉ እስከ አጥንቱ ተቀደደ። ጌሾ ሻጯ አመተ ሥላሴ ከእግር ሥር ወድቃ፣ ገበያ አብረዋት ሲውሉ የኖሩ ሰዎች ደረቷን ረግጠው ገደሏት፤ ሲረግጧት አላዩዋትም።

የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ ግን መዝሙሩን አላቋረጠም። ሲጨርስም ግብይቱ እንዲቀጥል አዘዘ፤ ደምለው በገዛ አቡጀዴው ተሸፍኖ ገበያው እስኪፈታ ከሱቁ ደጅ ዋለ። ሰው በእሱ ላይ እየተራመደ ጨው ገዛ። ጥሩአየሁ ባሏን ስታይ ጮኸች፤ ለቅሶ ገበያተኛ ያስበረግጋል ተብላ አፏን በሰደፍ ተመታች። ጥርሶቿን ከአፈር ላይ የለቀምኩላት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ሟቹ ፍተሻ እምቢ ያለ አሻጥረኛ እንደነበር በማግስቱ ስለነገረን እናመሰግናለን፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እምቢ የሚል ሰው ከዚያ በፊት አይቼ ስለማላውቅ ተሳስቼ ነበር።

አራተኛ እያልኩ መቁጠሩን እተወዋለሁ፤ ትዕግሥቴ አልቋል። ሰኞ ሠልስቱን ካወጣን በኋላ መሪጌታ አካለ ወልድና ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ጠርተው ተቀመጡ። ደሙ አንድ ለአንድ ሆኗል፣ ከዚህ በላይ የሚፈሰው ትርፍ ነው፣ አሁን ይድረቅ አሉ። የፋንታ እናት እንኳ አልቅሳ እሺ አለች። ቃለ መሐላው ሳይፈጸም ጓዶችዎ ደርሰው ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው ብለው ሁሉንም ነድተው ወሰዷቸው። መሪጌታ በዘንግ እንጂ በእግራቸው የማይቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ሲገረፉ የሚያሰሙት ድምፅ ከቤቴ ድረስ ይሰማል፤ ዜማ ያስተማሩን በዚያው ድምፅ ነው።

ማክሰኞ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። ለሚመጣው ቅዳሜ ከሞጣ የሚመጡ ጓዶች ገበያችንን ለተሞክሮ ስለሚጎበኙ አንድም ሱቅ ተዘግቶ መታየት የለበትም፤ የደምለው ሱቅ ከበሩ የመጀመሪያው በመሆኑ ወንድሙ ገብረ ሕይወት ከደብረ ወርቅ መጥቶ ይክፈተው፣ እምቢ ካለ ይታሰር ተባለ። በሩን የሚጠብቀው አሁንም ፋንታ ነው። የያዘውም ያንኑ ነው። ለሞጣ ሰዎች የሚያሳዩት ተሞክሮ የትኛው እንደሆነ ባይነግሩንም ጠፍቶን አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ያለ ሽሙጥ እለምንዎታለሁ። ገብረ ሕይወት ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ከመጽሐፍ በቀር የያዘው የሌለ ልጅ ነው። እዚያ ሱቅ ከተቀመጠ ወይ ይገደላል፣ ወይ ይገድላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። የወንድሙ አርባ እስኪወጣ ሱቁ ተዘግቶ ይቆይ። ሽማግሌዎቹን ፍቷቸው፣ የጀመሩትን ይጨርሱ። ያን ምንሽር ከበሩ ላይ አንሡት፤ ለእኔ መመለሱ ካስከፋዎት ዓባይ ገደል ጣሉት። ከቻላችሁ ፋንታንም አንሡት፤ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የምፈልገው ይህ ልጅ እንዲተርፍልኝ ብቻ ነው።

ቀለሙ ሳይደርቅ ደም ለተደረበበት ገበያዎ ዕድገትን፣ ለአንዱ በርዎ ጽናትን፣ ለሞጣ እንግዶችዎ እግራቸው የማይንሸራተትበት ደረቅ መሬት እየተመኘሁ፣ ጎኔን ይዤ እጅ እነሣለሁ።

አደራ በላ የተደረገችው
ሰብለ ወንጌል

ማስታወሻ፦ ገብረ ሕይወት ዛሬ ጠዋት መጥቶ ከደጄ ቁጭ አለና ውሃ ለመነኝ። በእኔ ቤት ቁጭ ብሎ ውሃ የሚለምን ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ከላይ ነግሬዎታለሁ። ልጄ፣ ጠመንጃው እኮ እኔ ዘንድ የለም አልኩት። «ያለበትን አውቃለሁ፤ ውሃውን ብቻ ይስጡኝ» አለኝ። ማሰሮው ጠፋኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም እዚሁ ጓዳ ተቀምጬ ነው። እሱ አሁንም ከደጅ ሆኖ ይጠብቃል። ክቡር ጓድ፣ ማሰሮ እስከ ቅዳሜ አይጠፋም።